ጨረቃ የጠፋችበት ሰው

ቴሌስኮፕ ይዞ ጨረቃን ማግኘት ያቃተው ሰው አለ ቢባል የሚያምን የለም። ጨረቃ እኮ ናት! ሕፃን በጣቱ የሚጠቁማት፣ ውሻ የሚጮህባት፣ መብራት ሲጠፋ የሰፈሩን ሰው ሁሉ እኩል የምታገለግል ጨረቃ። ጀማሪው ግን ከነቱቦው ግቢ መሐል ቆሞ ጥቁር ሰማይ ሲያስስ ያመሻል። ልጆች ዙሪያውን ከበው «ያቻት! ያቻትልህ እኮ!» ይሉታል። ቀና ሲል አለች፤ ጎንበስ ብሎ በቱቦው ሲያይ የለችም። ደግሞ ቀና ሲል አለች። ሰውን ጎረቤት ፊት እንዲህ የሚያሳጣ ሌላ ዕቃ ያለ አይመስለኝም።

ጣጣው የሚጀምረው ከካርቶኑ ነው። የጀማሪ ቴሌስኮፕ ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ነው። የእኔው፣ የእኅቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ከጫማና ከቫይታሚን ጋር በሻንጣ ያመጣችልኝ፣ «525 ጊዜ ያጎላል» ይላል። ውሸት ነው እንዳይባል ሂሳቡ ልክ ነው። የቱቦው የትኩረት ርቀት 700 ሚሊ ሜትር ነው፤ አይፒስ በሚባለው፣ ዓይን በሚጠጋበት ባለ 4 ሚሊ ሜትር ሌንስ አካፍሎ ባርሎው በሚባለው ባለ ሦስት እጥፍ ማባዣ ያባዛ ሰው 525 ያገኛል። የማያገኘው ኮከቡን ነው። ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ ቢበዛ የሚችለው 140 ጊዜ ያህል ማጉላት ነው፤ ከዚያ በላይ ጭጋግን ማስፋት ነው። ካርቶኑ ጭራሽ ያላነሳው ነገር ደግሞ አለ፦ ባጎላን ቁጥር የምናየው የሰማይ ቁራጭ እየጠበበ ይሄዳል።

አንድ ምሽት ንዴቴን በሂሳብ ተወጣሁት። ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ አይፒስ ሲሰካ ቴሌስኮፑ 70 ጊዜ ያጎላል፤ በቀዳዳው የሚታየው ሰማይ 0.7 ዲግሪ ገደማ ነው። ጨረቃ ራሷ ግማሽ ዲግሪ ናት። ከአድማስ በላይ ያለውን ሰማይ በሙሉ በዚህች ቀዳዳ ላዳርስ የሚል ሰው 50 ሺህ ጊዜ ያህል ቦታ መቀያየር ሊኖርበት ነው። እንግዲህ ጨረቃን በቱቦው ብቻ መፈለግ፣ ስልክም የቤት ቁጥርም ሳይዙ 50 ሺህ ቤት ያለበት ከተማ ገብቶ በር እያንኳኩ ዘመድ እንደመፈለግ ነው። እሷ ደግሞ ቤት የምትቀያይር ዘመድ ናት፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የራሷን ስፋት ያህል ተጉዛ ትገኛለች። መሬት ናት የምትዞረው እንጂ ጨረቃ ምን አደረገች የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው፣ ግን ለፈላጊው ያው ነው።

ስለዚህ እኔ ቴሌስኮፕ የምለው ትልቁን ቱቦ አይደለም። ጀርባው ላይ የተሰካችውን፣ ፋይንደር የምትባለውን ትንሽ ማነጣጠሪያ ነው። ቱቦው የሚያሳየው እሷ የመራችውን ብቻ ነው፤ እሷ ከሌለች ውድ የቧንቧ ቁራጭ ነው።

የእኔ ፋይንደር ቀይ ነጥብ የምታሳየው ዓይነት ናት። የጣት ርዝመት ያላት ጥቁር ፕላስቲክ ሆና ፊቷ ላይ ዘንበል ያለች መስታወት አለቻት፤ ከኋላዋ የምትበራ ነጥብ የምታህል አምፖል፤ ጎኗ ላይ «ቀጭ» ብላ የምትከፈት መዘውር፤ ከዚያ ሁለት ብሎኖች፣ አንደኛው ነጥቧን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሁለተኛው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወስዳት። ባትሪዋ 2032 የሚባለው፣ ሰዓት ጠጋኞች ዘንድ የሚገኘው ጠፍጣፋ ነው። ከፋብሪካ ስትመጣ በባትሪውና በብረቱ መካከል የቀጭን ላስቲክ ምላስ ተደርጎባት ነው የምትመጣው። ያችን ምላስ ስቦ ያላወጣ ሰው «ስትመጣም ተበላሽታ ነው» እያለ ዓመት ሊከርም ይችላል።

ነጥቧ አታጎላም። ሰማዩን እንዳለ እያየን መሐሉ ላይ ቀይ ነገር ተንሳፍፎ ይታየናል፤ በቃ። የአምፖሏ ብርሃን መስታወቱን መትቶ ወደ ዓይናችን ይመለሳል እንጂ ወደ ውጭ የሚወጣ ጨረር የለም። የተሠራችውም ከጣት ርቀት ላይ ሳይሆን ከኮከቡ ዘንድ የምትመጣ እንድትመስል ተደርጋ ነው። ጭንቅላትን ትንሽ ወዲህ ወዲያ ቢያደርጉት እንኳ ካረፈችበት ኮከብ አትወርድም። ይህን ለእኛ ግቢ ጥበቃ ማስረዳት ግን ሌላ ነገር ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ ቀይ መብራት የት ነው የምታርፈው?» አለኝ፣ ወደ ፊት ለፊቱ ብሎክ እያየ።

«የትም አታርፍም። እዚህ ሆኜ የማያት እኔ ብቻ ነኝ።»

«እርስዎ ብቻ?»

«እኔ ብቻ።»

ዝም ብሎ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጠበል ሞክረው ያውቃሉ?» አለኝ።

ነጥቧ የመጣችበት መንገድ ራሱ ወግ ነው። ሐሳቡን ያፈለቀው የደብሊኑ ቴሌስኮፕ ሠሪ ሰር ሃዋርድ ግራብ ነው። ግራብ ለቪየና የሠራው፣ የሌንሱ ስፋት 68 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1878 ሲጠናቀቅ በዓይነቱ ከዓለም ትልቁ ነበር። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1900 በመስታወት ላይ የሚያርፍ የብርሃን ምልክት ከዒላማው እኩል ሩቅ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርግ ማነጣጠሪያ አወጣ። የሚገርመው ለኮከብ አይደለም፣ ለመሣሪያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አብራሪዎች ፊት ለፊታቸው የተደቀነው መስታወት የዚሁ ሐሳብ ልጅ ነበር። ጦርነቱ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስቲቭ ኩፌልድ የተባለ አሜሪካዊ ቴልራድ የተሰኘውን፣ ግማሽ፣ ሁለትና አራት ዲግሪ የሆኑ ሦስት ቀይ ክቦችን ሰማይ ላይ የሚያሳየውን ለኮከብ ተመልካቾች ሠራ። ከቴሌስኮፕ ሠሪ ቤት ተነሥታ የዘመተችው ነገር ተመልሳ ቤቷ ገባች ማለት ነው።

ምናልባትም ለዚህ ይሆናል፣ ከእኛ ግቢ ሰው ሁሉ ቀድሞ ነገሩ የገባው ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ናቸው። የመጡት ለመማር አልነበረም። በጨለማ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ወደ ሰማይ ያጋደለ ቱቦ አይተው፣ ሞርታር ይሁን ሌላ ሊያጣሩ ነበር። ዞረው ዞረው ካዩት በኋላ ቱቦውን ትተው ፋይንደሯ ላይ አፈጠጡ።

«ይቺ ማነጣጠሪያ ናት» አሉ።

«ናት፣ ሃምሳ አለቃ።»

«አስተካክለሃታል?»

«ከቱቦው ጋር አብራ ነው የመጣችው።»

በሐዘኔታ አዩኝ። «ያልተስተካከለ ማነጣጠሪያ ከመያዝ ዓይን ጨፍኖ መተኮስ ይሻላል። ቢያንስ አጠገብህ ያለው ሰው ይጠነቀቃል።»

በማግስቱ ማለዳ በሬን ያንኳኩት እሳቸው ናቸው። ማነጣጠሪያ የሚስተካከለው በቀን፣ በሩቅ፣ በማይንቀሳቀስ ነገር ነው። እኔ ግቢያችን ያለውን የመብራት ምሰሶ አሰብኩ፤ እሳቸው በእጃቸው አባረሩት። ልክ ናቸው። ፋይንደሯ ከቱቦው መሐል በ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቃ ነው የተቀመጠችው፤ 10 ሜትር ላይ ባለ ምሰሶ ሁለቱን አንድ ነጥብ ላይ ያገናኘ ሰው፣ ማታ ሰማይ ላይ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይስታል። ያ ማለት አንዲት ሙሉ ጨረቃ ማለት ነው። ዒላማው በመቶዎች ሜትር ሲርቅ ግን ስህተቱ ከቁጥር አይገባም። እኛ የመረጥነው የንግድ ባንክን ሕንፃ ጫፍ ነው። 209 ሜትር ቁመት አለው፤ ከየትኛውም ኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይ እንዳይታይ ማድረግ ነው የሚያስቸግረው።

ጀማሪ ሁሉ የሚገለብጠው ቅደም ተከተል አለ። ነጥቧን ባንኩ ላይ አሳርፎ ከዚያ ቱቦውን ማየት ይፈልጋል። በመጀመሪያ በቱቦው ነው የሚፈለገው። ያውም ባለ 25 ሚሊ ሜትሩን አይፒስ ሰክቶ፤ ምክንያቱም በአይፒስ ዓለም ቁጥሩ ሲበዛ ማጉላቱ ያንሳል፣ የሚታየው ቦታም ይሰፋል። ባለ 25ቱ 28 ጊዜ ብቻ አጉልቶ 1.8 ዲግሪ ያህል ያሳያል፤ ጨረቃን ሦስት ጊዜ ጎን ለጎን መደርደር ይችላል። በቱቦው እያዩ የሕንፃውን ጫፍ መሐል ላይ ማምጣት፣ ማቆሚያውን ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ከዚያ ቱቦውን ሳይነኩ ብሎኖቹን እያዞሩ ነጥቧን ወደዚያው ጫፍ መጎተት። ቀጥሎ ባለ 10ሩን ሰክቶ ይህንኑ መድገም። በሩብ ዙር ብሎን ነጥቧ ስንት ቤት ዘልላ እንደምትሄድ ያየ ሰው ትዕግሥትን ከዚያ በፊት አላውቃትም ነበር ይላል። ሃምሳ አለቃ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የሚያዞሩት።

በቀን የመለማመድ ክፋቱ የሰው ዓይን ነው። ማታ ቴሌስኮፕ የያዘ ሰው ሞኝ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ በቀን የያዘ ግን ተጠርጣሪ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤታችን አንሶላ ዘርግታ ራሷን ጋረደች። የግቢያችን ኮሚቴ ሰብሳቢ በአጋጣሚ የሚያልፍ መስሎ መጣ።

«ምንድነው የምታዩት?»

«የባንኩን ጫፍ።»

«ለምን?»

አስቡት እስቲ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ የባንክ ሕንፃ ላይ ቱቦ ደግነው ለምን እንደሚያዩ የሚያሳምን መልስ ካለ ላኩልኝ። «ማታ ጨረቃን ለማግኘት ነው» አልኩት። እውነት መሆኑ ምንም አልጠቀመኝም።

ፀሐይን ካነሣሁ ግን ቀልዱን ላቁም። በቀን ሲለማመዱ ፀሐይ ካለችበት ወገን መራቅ ነው፤ ከተቻለ ሕንፃ ከልሏት መሥራት። ትልቁ ቱቦ ቀርቶ ሌንስ ያለው ትንሹ ፋይንደር እንኳ ፀሐይ ላይ ካረፈ ዓይን ለማጥፋት ቅጽበት ይበቃዋል፤ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ፋይንደሩንም ከድኖ ማስቀመጥ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ እንደታየው ያለ የቀለበት ግርዶሽ ሲመጣ በቴሌስኮፕ ማየት የሚቻለው በቱቦው አፍ ላይ ለፀሐይ የተሠራው ማጣሪያ ከተገጠመ ብቻ ነው፤ ፋይንደሩ ይከደናል ወይም ይነቀላል። ታዲያ በምን ይነጣጠራል? በጥላ። መሬት ላይ የወደቀው የቱቦው ጥላ አጥሮ አጥሮ ክብ ብቻ ሲቀር ቱቦው ፀሐይ ላይ ነው። ሰማይ ላይ ያለውን ለማግኘት መሬት ማየት! ሃምሳ አለቃ ይህን ስነግራቸው «ይሄ ብልሃት ነው» ብለው ደጋግመው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወደ ማታው ስንመለስ፣ የተስተካከለች ፋይንደር ይዞም የሚሳሳቱ አሉ። አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሁለቱም መከፈት አለባቸው፤ አንዱ ነጥቧን፣ ሌላው ሰማዩን ይዞ አንጎል ራሱ ያገናኛቸዋል። ነጥቧን ደግሞ አለቅጥ ያደምቋታል፤ መዘውሯ ጫፍ ድረስ ከዞረች ቀዩ ብርሃን የታለመውን ኮከብ ራሱን ይውጠዋል፤ ለማየት እስክታስቸግር ድረስ ማደብዘዝ ይሻላል። ሲጨርሱም «ቀጭ» አድርገው አያጠፏትም። ባትሪው ሳምንት ሳይሞላው ይሞትና በዕለቱ ሰማይ ወለል ብሎ ጠርቶ ሰዓት ጠጋኙ ሱቁን ዘግቶ ይገኛል።

መጽሐፎቹ ደግሞ የተጻፉት ለሌላ አገር ሰው ነው። ማታ የፋይንደርን ልክነት በሰሜን ኮከብ አረጋግጡ ይላሉ፤ ቦታዋን ስለማትለቅ ብሎን እስኪዞር ትጠብቃለች። እነሱ አገር ከአድማስ በላይ 40 እና 50 ዲግሪ ወጥታ ትታያለች። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ናት የምትርቀው፤ የሰሜን ኮከብም የ9 ዲግሪ ከፍታ ብቻ አላት። በዚያ ላይ በስተሰሜን እንጦጦ አለ። አናቱ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ተሸክሞ፣ ለእኛ ለግርጌዎቹ ሰዎች ሰሜኑን ይጋርዳል። ስለዚህ እኛ የምናስተካክለው በሲሪየስ ወይም በጁፒተር ነው፤ እነሱ ደግሞ ብሎን ስናዞር አይጠብቁም፣ ይሄዳሉ።

ለዚህ ማካካሻ እንዲሆን ሰማያችን ከሰሜኑም ከደቡቡም ያሳየናል። ክፋቱ የሚያምረው ነገር አናታችን ላይ መሆኑ ነው። ጥር ላይ ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ ኦሪዮን ከነቀበቶው ከጭንቅላታችን በላይ ይቆማል። ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲቆም አይፒሱ በክርን መስታወት ወደ ጎን ስለሚዞር ችግር የለበትም። ፋይንደሯ ግን ክርን የላትም፤ በእሷ ለማየት ከሥሯ መግባት ያስፈልጋል። መንበርከክ፣ ከዚያ ጉንጭን ከማቆሚያው እግር ማስጠጋት፣ ከዚያ አንገትን ሰማይ ለሰማይ ማጠፍ። አራተኛ ፎቅ ያሉት እማማ በመስኮት አይተውኝ ኖሮ ጠዋት ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «ልጄ፣ ሌሊት ተንበርክከህ አየሁህ፤ ለእኔም ጸልይልኝ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ምን ልበል?

ይህን ችግር የሚያውቁ ሰዎች ሌንስ ያለው ፋይንደር ይገዛሉ፤ 6 በ30፣ 8 በ50 የሚባሉትን። የመጀመሪያው ቁጥር ማጉሊያው፣ ሁለተኛው የሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ክርን ያለው ዓይነትም ይገኛል። በባዶ ዓይን የማይታዩ ደብዛዛ ነገሮችን የሚያድን ሰው ያስፈልገዋል፤ የከተማ መብራት ኮከቡን ባደበዘዘበት ሰፈርም እንዲሁ። ግን ቀጥተኛው ዓይነት ዓለምን ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ ወደ ላይ የገፉት ወደ ታች ይመጣል፣ ቀኝ ግራ ይሆናል። ቱቦው ደግሞ በክርን መስታወቱ ምክንያት ግራና ቀኝን ብቻ ይለዋውጣል። እንግዲህ በአንድ ምሽት ሦስት ሰማይ ነው፦ የባዶ ዓይኑ፣ የተገለበጠው፣ በመስታወት ያለው። ለጀማሪ ቀይ ነጥቧ ትሻላለች ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው፤ ቢያንስ እሷ ያለችበት ሰማይ የምናውቀው ሰማይ ነው።

ጋሊሊዮ ይህም ያም አልነበረውም። የእሱ ቴሌስኮፕ የምታሳየው ክብ ከጨረቃ ስፋት ግማሹን የሚያህል ብቻ ነበር። በዚያች ቀዳዳ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ጁፒተርን አግኝቶ አጠገቡ ሦስት ትናንሽ ኮከቦች አየ፤ ቆይቶ አራት ሆኑ፣ ጨረቃዎቹ መሆናቸውም ታወቀ። እሱ ፊት አንገቴን አመመኝ ማለት ነውር ነው።

የእኛም ግቢ እነዚያኑ አራቱን አይቷል። ሃምሳ አለቃ ነጥቧን ጁፒተር ላይ ካሳረፉ በኋላ ልጆቹ ተሰለፉ፤ አንሶላ የዘረጋችው ጎረቤታችን መጣች፤ ጥበቃው አይቶ «አራት ናቸው፣ በአንድ መስመር» ብሎ ለቀጣዩ አስረከበ፤ ስለ ጠበሉም ከዚያ ወዲህ አላነሣም። ጁፒተር ከቀዳዳው ሊወጣ ሲል ሃምሳ አለቃ ሰልፉን ያስቆማሉ፣ ነጥቧን ይመልሳሉ፣ «ቀጥል!» ይላሉ። ራሳቸው በቱቦው ለማየት ተራ አልያዙም። ለምን ብላቸው፣ «እኔ መያዜን አውቃለሁ» አሉ።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ልጅ በስልክ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አጎቴ፣ እንዲህ ከምትሠቃይ ራሱ የሚፈልገውን ልላክልህ፤ ሞተርና ኮምፒውተር አለው። ሳተርን ስትለው ዞሮ ሳተርን ላይ ይቆማል» አለችኝ። ስልኩ በላውድ ስለነበር ሃምሳ አለቃ ሰምተዋል።

«ጠይቃት እስቲ» አሉኝ፣ «እሱ ራሱ መጀመሪያ ወዴት ዞሮ እንደቆመ በምን ያውቃል?»

ጠየቅኳት። መመሪያውን ከፍታ ስታነብ ጥቂት ቆየች። «ሲጀመር ሁለት ደማቅ ኮከቦችን አንተ ራስህ መሐል ላይ ታስገባለታለህ ይላል።»

«በምን?»

«በ... በፋይንደር።»

«እንግዲያው» አሉ ሃምሳ አለቃ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው፣ «ባትሪ ላኪልን።»